ባለሙያ ሴት፤ የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ሯጮች ታሪክ

በአገራችን ሰው አነጋገር «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት ነበረው። ለወንድ ሲነገር «ሙያ ሠራ» ማለት በጦር ሜዳ ጀግንነት ፈጸመ፣ ግዳይ ጣለ፣ የአባቱን ስም አስጠራ ማለት ነው፤ ለሴት ሲነገር ግን «ባለሙያ ናት» ማለት ወጧ የጣፈጠ፣ ጠጇ የጠራ፣ ፈትሏ የቀጠነ፣ እንግዳ በድንገት ቢደርስባት የማታፍር የቤት እመቤት ናት ማለት ነበረ። እንዲህ የወንዱ ሙያ በሜዳ፣ የሴቷ ሙያ በማጀት ተለይቶ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፣ ሁለቱን የቃል ቤቶች አገናኝቶ አንድ አዳራሽ ያደረጋቸው፣ ማንም ሊቅ በመዝገበ ቃላት ሳይሆን፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት ሜዳዎችና ዳገቶች ላይ የሚሮጡት ሴቶች ልጆቻችን እግር ነው። የዚህን እግር ታሪክ፣ የረገጠውንም ምድር ታሪክ አያይዞ መናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ በጎጃም መንገድ ሲወረድ የሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በመስከረም አደይ የሚለብስ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚያነጣው፣ ድርቆሹና ወተቱ ለከተማው የተረፈ ምድር ነው። በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ የገፈርሳ ግድብ ለዋና ከተማው ውሃ የሚያጠራቅምበት አገር ቡራዩ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ደግሞ፣ ከሱሉልታ ብዙ ዝቅ ብላ፣ በ2,300 ሜትር ግድም ላይ ሰበታ ትገኛለች። ሦስቱም የየራሳቸው ስምና ጠባይ ያላቸው ከተሞች ሆነው ሲኖሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገብተዋል።

ሯጮች ሳይመጡባቸው በፊት እነዚህን መንገዶች የሚያውቋቸው የሌሎች ሴቶች እግሮች ነበሩ። የሱሉልታ እናት ወተቷንና ቅቤዋን ይዛ እንጦጦን ተሻግራ ወደ ገበያ ስትወርድ፣ ኩበቷንም በጆንያ ሞልታ ስትሸጥ፣ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ዳገት ላይ በተመላለሰ እግሯ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ተራራውን ከሸፈነው ወዲህ ደግሞ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ግንባራቸው ወደ መሬት አዘንብሎ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች የዚያ ተራራ ቋሚ ሥዕል ሆኑ። እነዚህ እናቶች በቀን የሚሄዱትን ርቀት ማንም ቆሞ አልለካላቸውም፤ ስማቸውም በመዝገብ አልገባም። ነገር ግን ሴት ልጅ በቀጭን አየር ውስጥ ረጅም መንገድ መሄድ ትችላለችን የሚለው ጥያቄ በዓለም መድረክ ላይ ገና ሳይነሣ፣ የእንጦጦ ዳገት መልሱን በየቀኑ ሲያየው ኖሯል።

የሩጫው ታሪክ በዚህ መንገድ ላይ ሲጀመር በወንድ ስም ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ ሃያ ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም በዚያው ዘመን አይቶ ለየው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የማራቶንን ድል ሲቀዳጅ፣ የሱሉልታ መንገድ አብሮት በዓለም ታሪክ ገባ። በዚያው በሮም ኦሎምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 800 ሜትር እንደ ነበረ፣ እርሱም ከሠላሳ ሁለት ዓመት ክልከላ በኋላ ገና መመለሱ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የዓለም ሊቃውንትና ሐኪሞች የሴት ሥጋ ከዚህ በላይ አይችልም ብለው ሲፈርዱ፣ ሸክም ተሸካሚዋ እናት ከአበበ ጋር በአንድ መንገድ ትተላለፍ ነበር።

በሌላው ዓለም ሴቶች በስፖርት እንጀራ ለመብላት የሞከሩት በጥቂት መስክ ነበረ። በአሜሪካ አገር አሥራ ሦስት የጎልፍ ተጫዋቾች የሆኑ ሴቶች ተሰብስበው፣ ጨዋታው የመኳንንት መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም መተዳደሪያ እንዲሆን የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። የጎልፍ ሜዳ ግን የተላጨ ሣር፣ የተገዛ በትር፣ የአባልነት ደብዳቤ ይፈልጋል። በእኛ አገር በበትርና በእሩር የሚደረገው የገና ጨዋታም የወንዶች ነበረ፤ ሴቶች በዳር ቆመው ያደንቃሉ እንጂ በትር አይጨብጡም ነበር። ለድኻ ልጅ፣ ይልቁንም ለሴት ልጅ፣ ያለ መሣሪያ የተከፈተው ብቸኛ ሜዳ ላም የሚግጥበት ሜዳ ነው፤ የመግቢያ ዋጋውም ሁለት እግርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሆኖም ወደ ዓለም አደባባይ የሚያወጣው በር ቶሎ አልተከፈተም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ሴቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰለፈችው በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሲሆን፣ እነርሱም ሁለት ብቻ ነበሩ። የሴቶች ማራቶን በኦሎምፒክ መጀመሪያ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ፣ የ10,000 ሜትር ሩጫም በ1981 ዓ.ም. በሴኡል ነው፤ አገራችን ደግሞ በፖለቲካ ምክንያት በሁለቱም አልተገኘችም። ስለዚህ የዓለም ሕግ ለሴቶች በሩን በከፈተ ጊዜ የመንግሥት ውሳኔ ዘጋው፤ በእነዚያ ዓመታት በሜዳው ላይ ሲደክሙ የነበሩት ሴቶች ምን ያህል እንደ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውም እንደ ምን ሳይታይ እንዳለፈ ሳስብ ኅሊናዬ ያዝናል።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ በባርሴሎና የተደረገው የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ያን ሁሉ ዘመን የካሰ ነበረ። በአርሲ በበቆጂ ከብት እየጠበቀች ያደገችው የሃያ ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ፣ ከደቡብ አፍሪቃዊቷ ኤላና ማየር ጀርባ ጥላ መስላ ተከትላ፣ ፊት እንድትወጣ ብትለመንም እሺ ሳትል፣ የመጨረሻው ዙር ሲቀርብ አንድ ጊዜ ተስፈንጥራ ሄደች። በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስትገባ ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ደራርቱ በድሏ ብቻዋን አልዞረችም፤ በመድረሻው ቆማ ተፎካካሪዋን ጠበቀቻትና፣ ከዘር መድልዎ ዘመን ገና በመውጣት ላይ ካለ አገር የመጣችውን ነጭ ሴት እጇን ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩ። ሙያ ማለት ድል ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ ድልን በጨዋነት መያዝም እንደ ሆነ በዚያች ምሽት ታየ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ እንደ ክረምት ጅረት ሞላ። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸንፋ፣ ይህን ርቀት በኦሎምፒክ ድል ያደረገች የመጀመሪያዋ አፍሪቃዊት ሆነች፤ የቦስተንንም ማራቶን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደች። ደራርቱ ወልዳ፣ ልጇን አጥብታ፣ ብዙ ሰው «አለቀላት» ብሎ ሲያወራባት ቆይታ፣ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ጌጤ ዋሚን አስከትላ ዳግመኛ ወርቅ አገኘች፤ በሠላሳ ሰባት ዓመቷም የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የጥንት ተረት፣ «ከወለደች አበቃች» ከሚለው የሠፈር ፍርድ ጋር፣ በእነዚያ ቀኖች ብዙ ኃይሉን አጣ።

ነገር ግን አንድ ድል ሙያን አያቆምም፤ ሙያ እንዲቆም ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ሥርዓት ብዙ እጆች ሠርተውታል። በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ሜዳ እየለየ ሲኮተኩት፣ በብሔራዊ ቡድን ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ በቁጣና በፍቅር ሲያርም፣ የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤቶች፣ የንግድ ባንክና የሌሎችም ድርጅቶች ክለቦች ለሯጭ ደመወዝ ሲቆርጡ፣ ሩጫ እንደ ክህነትና እንደ ውትድርና ያለ የዕድሜ ጥሪ ሆነ። ከገጠር የመጣች ልጅ መጀመሪያ ክለብ ትገባለች፤ በወር ደሞዟ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ሰዓቷ ሲሻሻል ማናጀር ያያታል፤ ማናጀሩ ውድድር ካገኘላት ፓስፖርትና ቪዛ ይወጣላታል፤ አንድ ቀን በማታውቀው ከተማ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ሮጣ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ቤት ታሠራለች፤ ወይም ጅማቷ ተጎድቶ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከመቶ አንዷ ስሟ በጋዜጣ ከወጣ፣ የቀሩት በትጋት ያሳለፉት ዘመን ከእርሷ ያነሰ ነው ማለት አይደለም።

የዚህ ሙያ ቤተ መቅደስ ጠዋት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ የሰዓታቱ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን እየተሰማ፣ የሯጮቹ ሰርቪስ መኪና በየአስፋልቱ ዳር በጋቢና በሹራብ ተጠቅልለው የሚጠብቁትን እየሰበሰበ ይነሣል። እንደ ቀኑ ትእዛዝ አንዳንዴ ወደ እንጦጦ ጫካ፣ አንዳንዴ ወደ ሱሉልታ፣ አንዳንዴ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሰበታ ይሄዳል። ሱሉልታ ሲደርስ ገና ጭጋጉ ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ የላሞቹ እስትንፋስ እንደ ዕጣን ጢስ ይታያል። ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው፣ አንዷ የሌላዋን ሻሽ አጥብቃ አስራላት፣ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ቋጥረው፣ በአንድ ሰልፍ ተከታትለው ይነሣሉ፤ የኋላይቱ ዓይኗን ከፊተኛይቱ ተረከዝ ላይ አትነቅልም፤ እግሯ ሲነሣ ታነሣለች፣ ሲያርፍ ታሳርፋለች። በባሕር ዛፉ መካከል ዚግዛግ እየተጠማዘዙ ሲወጡ ቃል የሚናገር የለም፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም የፊተኛይቱ በእጇ ትጠቁማለች፣ ምልክቱም ከአንዷ ወደ አንዷ እስከ መጨረሻዋ ይተላለፋል። እንደ መነኮሳት ጽሙና ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የጭቃ ጫማ ድምፅና የትንፋሽ ድምፅ መኖሩ ብቻ ነው።

ሯጮች ምድሩን የሚጠሩት በመልኩና በጠባዩ ነው፤ «ዛሬ ዳገት ነው»፣ «ነገ ኮሮኮንች ነው»፣ «ዓርብ አስፋልት ነው» ይላሉ። እንጦጦና ሱሉልታ አየራቸው የሳሳ ስለ ሆነ ሥጋ ትንሹን ትንፋሽ በብዙ ቀይ የደም ሕዋስ መሸከምን ይማርበታል፤ በዚያ ከፍታ ግን በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ስለማይቻል፣ እግር ፍጥነትን እንዳይረሳ ዝቅ ወዳለው አገር፣ ለምሳሌ ወደ ሰበታ፣ መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እነዚህ ከተሞች ለሯጭ እንደ አንድ ትምህርት ቤት ልዩ ልዩ ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ ትዕግሥትን፣ ሌላው ፍጥነትን ያስተምራል። ይህ ጥበብ ከሳይንስ መጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አይደለም፤ አሠልጣኝና ሯጭ ለብዙ ዓመት እየወጡ እየወረዱ በእግራቸው ያገኙት ነው። በሱሉልታ ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ መም ማሠራቱ፣ ያያ ቪሌጅ የተባለው የሯጮች ማረፊያም ከውጭ አገር ሯጮችን ሳይቀር ማስተናገዱ የቦታውን ክብር ሌላው ዓለም እንዳወቀው ያሳያል።

በዚህ ትምህርት ቤት ዙሪያ የወጡትን ሁሉ መቁጠር አይቻልም፤ ጥቂቶቹን ግን ሳይጠሩ ማለፍ በደል ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ነሐሴ 9 ቀን 10,000 ሜትርን፣ ፍልሰታ በተፈታበት በነሐሴ 16 ቀን ደግሞ 5,000 ሜትርን አሸንፋ፣ ሁለቱን ርቀቶች በአንድ ኦሎምፒክ የጠቀለለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መሠረት ደፋር በአቴንስና በለንደን የ5,000 ሜትር ወርቅ በስምንት ዓመት ልዩነት ወሰደች። አልማዝ አያና ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ማንም ያልነካውን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን በአሥራ አራት ሰከንድ አሻሻለች።

ስለ ሰበታ ሲነገር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ከዚህች ከተማ ስም ጋር ተያይዞ የኖረውን መርሐ ዕውራንን፣ የዓይነ ስውራንን ትምህርት ቤት፣ ማንሣት ይገባል። ብርሃን ለሌለው ልጅ መንገድ ይቻላል የሚለው እምነት በዚያ ቦታ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲሰበክ ኖሯል። ይህን እምነት ወደ ሩጫው ዓለም ያወጡት ግን የማየት ችግር ያለባቸው ሴቶቻችን ናቸው፤ ትዕግሥት ገዛኸኝ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ፣ ያየሽ ጌቴም በፓሪስ ከመሪ ሯጭ ጋር በአንድ ክር ተያይዛ ድል ስታደርግ፣ ሙያ የሚለው ቃል ሌላ ቅጥር አፈረሰ። በዓይኗ የማታይ ልጅ በትንፋሽ ድምፅ ተመርታ ዓለምን መቅደሟን ካየን በኋላ፣ «አትችይም» የሚለው ቃል በማን አፍ ሊያምር ይችላል?

ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ከምትገኘው ከሆለታ የወጣችው ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ የዚህ ታሪክ ሁሉ ማሰሪያ ናት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። መጀመሪያ የአጭርና የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበረች፤ በሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር ተሰልፋ ከማጣሪያው አላለፈችም። ጅማቷን ታማ፣ ከመም ወጥታ፣ የብዙ ልጆች ታሪክ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ከአሠልጣኟ ከገመዱ ደደፎ ጋር ሆና ወደ ጎዳና ሩጫ ዞረች፤ የመጀመሪያ ማራቶኗን በሪያድ በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ሮጠች፤ ይህም ሰዓት ማንንም አላስደነቀም። ጥቂት ወራት ቆይታ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ስትሮጥ ዓለም ዓይኑን ጠረገ፤ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ከተማ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ፣ የኬንያዊቷን የብሪጂድ ኮስጌን የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ አፈረሰች።

ይህን ሰዓት ከአበበ ሰዓት ጋር አንጽሮ ማየት ያስፈልጋል። አበበ በሮም የሮጠው 2፡15፡16 ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሳምንታት ብቻ ካለፉ በኋላ፣ የዓለምን የወንዶች ክብረ ወሰን የሰበረበት ደግሞ 2፡12፡11 ነው። ትዕግሥት በበርሊን ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ፣ ከቶኪዮውም በአሥራ ስምንት ሰከንድ ፈጥናለች። እርግጥ ነው፣ አበበ ሮምን በባዶ እግሩ ሲሮጥ እርሷ በእግሯ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን የአዲስ ዘመን ጥበብ ነበረ፤ ስለዚህ ሁለቱን ማፎካከር ለማንም ክብር አይጨምርም። ዘመንን በዘመን ስንለካው ግን፣ በአበበ የሩጫ ዘመን በኦሎምፒክ ለሴት ከ800 ሜትር በላይ አይፈቀድም ይባል የነበረው ሩጫ፣ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የሴት ልጅ እግር ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት አልፎ የሄደበት ሩጫ ሆኗል።

ስለ ሜዳው ግን የምሰጋው ነገር አለ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የሱሉልታ ግጦሽ በቆርቆሮና በግንብ አጥር እየተከፋፈለ፣ የቡራዩ ጫካ እየሳሳ፣ የሰበታ መንገድ በከባድ መኪና እየተጨናነቀ፣ ሯጮቹ ከዓመት ዓመት ራቅ ወዳለ ስፍራ ይገፋሉ። ቤትም ፋብሪካም ለሕዝብ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዓለም ላይ ሌሎች አገሮች በብዙ ገንዘብ ሊገዙት የሚፈልጉትን፣ እግዚአብሔር በነፃ የሰጠንን ከፍታና ሣር፣ ምን እንደ ነበረ ሳናውቀው ማጥፋት ታላቅ ድህነት ነው። ጥቂት የግጦሽ ሜዳ፣ ጥቂት የጫካ መንገድ በሕግ ተከልሎ ቢቀመጥ፣ ለላሚቱም ለሯጪቱም ይበቃል፤ ሁለቱም ለረጅም ዘመን አንዱን ሜዳ ሳይጣሉ ተካፍለው ኖረዋልና።

ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ጠዋት ቆሞ ለተመለከተ ሰው፣ ሰልፈኞቹ ልጆች ከጫካው ወጥተው ወደ መንገዱ ሲደርሱ፣ ቅጠል የተሸከመች እናት ከሸክሟ ጋር ወደ ዳር ጠጋ ብላ ስታሳልፋቸው ትታየዋለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ቀና ለማለት እየሞከረች ታያቸዋለች፤ ከዚያም በአገሯ ቋንቋ በኦሮምኛ «ጀባዻ» ትላቸዋለች፤ በርቱ ማለቷ ነው። የመጨረሻይቱ ሯጭ ትንፋሽ ስለሌላት በቃል አትመልስም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ ታደርግላታለች፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች።